«ትሪትመንት ብቻ ነው» ያልኩ ዕለት

ፀጉሬ የረገፈው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው። በተለይ ከአገር ቤት በቅርብ ወጥታችሁ እዚህ አሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉር ቤት ልትገቡ ያሰባችሁ እህቶቼ፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። አዲስ አበባ ያላችሁትንም ይመለከታል፤ የኔም ነገር የጀመረው እዚያው ነው።

አዲስ አበባ እያለሁ በየሦስት ወሩ ሰፈራችን ያለች ፀጉር ቤት እሄድ ነበር። የምሠራው ነገር ስሙ «ትሪትመንት» ነው። ነጭ ክሬም ይቀቡኛል፣ ትንሽ ያቃጥለኛል፣ ይታጠባል። ከዚያ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ እገባለሁ። ስወጣ ፀጉሬ ለስልሶ ትከሻዬ ላይ ይተኛል። እናቴም ትሪትመንት ትለዋለች፣ ጓደኞቼም እንደዚያው። ምንድነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ስሙ እንክብካቤ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጣሁ። በመጣሁ በአራተኛው ወር የአክስቴ ልጅ ሰርግ ደረሰ። ሰርጉ አለ፣ መልሱ አለ፣ ቅልቅሉ አለ። በየቀኑ ፀጉር ቤት መመላለስ አልቻልኩም፤ ሥራም ነበረኝ፣ ገንዘቡም አይቻልም። ስለዚህ ሥራ ቦታዬ አጠገብ ያለ ሳሎን ገብቼ «ቶሎ የማይፈታ ከርል እፈልጋለሁ» አልኩ።

የምትሠራኝ ሴትዮ ጥሩ ሰው ነበረች። ፀጉሬን በጣቶቿ እያየች «ኬሚካል የነካው ፀጉር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደለም» አልኳት። «እንዴት እንዲህ ለሰለሰ ታዲያ?» አለች። «ትሪትመንት ብቻ ነው» አልኳት።

እሷ «ትሪትመንት» ስትሰማ የገባት ሌላ ነው። በእሷ ቋንቋ ትሪትመንት ማለት ፀጉር ከታጠበ በኋላ የሚቀባ ኮንዲሽነር፣ ወይ ፕሮቲን፣ ወይ እርጥበት የሚሰጥ ነገር ነው። ስለዚህ ፀጉሬን በትንንሽ ዘንግ ጠቅልላ ከርል የሚያደርገውን መድኃኒት አፈሰሰችበት። ልታጥበው ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ሳደርግ እጇ ድንገት ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ መታጠቢያው ውስጥ የኔ ፀጉር ነበር። በጭብጥ በጭብጥ። ቀኝ ጎኔና ማጅራቴ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ብቻ ቀረ። ሴትዮዋ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሰርጉ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የዋልኩት።

ምን እንደተፈጠረ የነገረችኝ አንዲት በዕድሜ የገፋች አበሻ ፀጉር ሠሪ ናት። ሰው አገናኝቶኝ ሄጄ «እትዬ፣ ከየት ልጀምር?» አልኳት። የተረፈውን ፀጉሬን በውሃ አርጥባ ሳብ አድርጋ አየችው። እንደ ላስቲክ ተሳበና ተበጠሰ። «ልጄ» አለችኝ፣ «አገር ቤት ስትቀቢ የነበረው ሪላክሰር ነው። እዚህ የተቀባሽው ፐርም ነው። ሁለቱ አንድ ፀጉር ላይ አይገናኙም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀጉራችን ከርዳዳ ወይ ሉጫ ሆኖ ቅርጹን የሚይዘው በውስጡ ባሉ የሰልፈር ትስስሮች ነው። ከርዳዳውን ፀጉር የሚያለሰልሰው ሪላክሰር እነዚህን ትስስሮች በጠንካራ አልካላይ ይበጥሳቸዋል። ፒኤቹ (የአሲድና የአልካላይ መለኪያው) ከ12 በላይ ነው፤ ተራ ውሃ 7 ነው። የተበጠሰው ወደ ቦታው አይመለስም፤ ለዚህ ነው ሪላክሰር የነካው ፀጉር ዳግም የማይከረደደው። ከርል የሚያደርገው ፐርም ደግሞ ሌላ ኬሚካል አለው፣ ቲዮግላይኮሌት ይባላል። እሱም እነዚያኑ ትስስሮች ፈትቶ በዘንጉ ቅርጽ መልሶ ሊያስራቸው ነው የሚመጣው። የኔ ፀጉር ላይ ግን መልሶ የሚያስረው ነገር አልቀረለትም። ያለችውን ጥቂት ትስስር ጨረሳት፣ ፀጉሩ ተበጠሰ።

ችግሩን የሚያብሰው «ፐርም» የሚለው ቃል ራሱ ነው። እዚህ አገር ጥቁር አሜሪካውያን ፐርም ሲሉ ብዙ ጊዜ ሪላክሰር ማለታቸው ነው፤ ማለስለሻውን። ነጮች ፐርም ሲሉ ከርል ማድረጊያውን ማለታቸው ነው። አንድ ቃል፣ ፍጹም ተቃራኒ ሥራ፣ ያውም የማይገናኙ ኬሚካሎች። ስለዚህ «ፐርም ተሠርተሻል ወይ?» ብለው ሲጠይቋችሁ አዎም አይደለምም ከማለታችሁ በፊት «የሚያለሰልሰውን ነው ወይስ ከርል የሚያደርገውን?» በሉ። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ብትኖረኝ ኖሮ ፀጉሬ ይተርፍ ነበር።

እትዬ ጋ ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው የሚያድገው፤ አይቸኩልም። እሷ እየሠራች እኔ እጠይቃለሁ። የማላውቀውን ቃል ሁሉ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ማስታወሻ ውስጥ ይጠቅማል ያልኩትን ነው የማካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ትሪትመንት። ይህ ቃል ጃንጥላ ነው። ሥሩ እርጥበት የሚሰጠው አለ፣ የተጎዳ ፀጉር የሚያጠነክረው ፕሮቲን አለ፣ በእንፋሎት የሚሠራው ስቲም አለ። ኬራቲንንም ትሪትመንት ይሉታል። እንዳያችሁት ሪላክሰርንም የሚሉ አሉ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት እትዬ ያስተማረችኝ ጥያቄ ቀላል ነው፤ «ሲታጠብ ይለቃል?» በሻምፑ የሚለቅ ከሆነ እንክብካቤ ነው። «አይ፣ ይህ ቋሚ ነው» ወይም «ወራት ይቆያል» ካሏችሁ ኬሚካል ነው፣ ስሙን ጠይቁ። የራስ ቅላችሁን የሚያቃጥልና በሰዓት እየታየ የሚታጠብ ክሬምም እንክብካቤ አይደለም።

ፕሮቲንና እርጥበትንም መለየት ጥሩ ነው። እርጥብ ፀጉራችሁ ሲሳብ እንደ ማስቲካ እየረዘመ የሚበጠስ ከሆነ ፕሮቲን ሊያስፈልገው ይችላል። እንደ ደረቅ ሣር እየተንኮሻኮሸ ቶሎ ቀጭ የሚል ከሆነ እርጥበት ነው የጎደለው። ፕሮቲን በላይ በላዩ ሲደራረብ ደግሞ ፀጉሩን ያደርቀዋል። «ጥሩ ነው» ስለተባለ ብቻ በየሳምንቱ አይደረግም።

ሪላክሰርን ትሠራላችሁ አትሠሩም የራሳችሁ ውሳኔ ነው። እኔ ትቼዋለሁ። ከሠራችሁ ግን ጥቂት ነገር እወቁ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለው ነው፤ እዚህ አገር «ላይ» (lye) ብለው ይጠሩታል፣ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይሠራል። ሁለተኛው «ኖ ላይ» (no-lye) የሚባለው ነው፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ክሬም ከፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባ። ብዙ ሰው «ኖ ላይ ኬሚካል የለውም» ይላል። ይህ ስህተት ነው። የራስ ቅልን የሚያቃጥለው ቀነስ ይላል እንጂ ያው ትስስሩን ነው የሚበጥሰው፤ በዚያ ላይ የካልሲየም ዝቃጭ ፀጉሩ ላይ እየቀረ ያደርቀዋል።

ሌላው «ሪታች» ነው። ከሥር የበቀለውን አዲሱን ፀጉር ብቻ መቀባት ማለት ነው። ዱሮ የለሰለሰው ላይ ክሬሙ መድረስ የለበትም። ሰፈሬ ስሠራ ከሥር እስከ ጫፍ ነበር የሚለቀልቁልኝ፤ ጫፌ ሁልጊዜ የሚሳሳው ለዚያ ኖሯል። ከመቀባቱ በፊት የራስ ቅሉና የጆሮው ዙሪያ ቫዝሊን ይቀባል። ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ቀናት ጭንቅላታችሁን አትከኩት፤ የተቧጨረ ቦታ ላይ ኬሚካሉ ያቆስላል። ማቃጠል ሲጀምር «ቻይው፣ አሁን ነው የሚይዘው» ካሏችሁ አትቻሉት። ተነስታችሁ አስታጥቡት። ማቃጠሉ የሚነግራችሁ ቆዳችሁ መጎዳቱን ነው፤ መድኃኒቱ መሥራቱን አይደለም።

ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር የሚካሄድ አንድ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቶ ነበር። ከ33 ሺህ በላይ ሴቶች ለ11 ዓመት ገደማ ክትትል ተደርጎላቸዋል። ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የተጠቀሙት 70 ዓመት እስኪሞላቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ከመቶ 4 ገደማ ሆኖ ተገምቷል። ምንም ያልተጠቀሙት ከመቶ 1.6 ገደማ። ማለስለሻው በቀጥታ አመጣው ብሎ የሚያረጋግጥ ጥናት አይደለም፤ ዝምድናውን ነው ያሳየው። ለኔ ግን በቂ ነበር።

ኬራቲን ሌላው ስሙ የሚያታልል ነው። ኬራቲን ፀጉራችን ራሱ የተሠራበት ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህ ስሙን የሰማ ምግብ የሚሰጡት ይመስለዋል። ፀጉሩን የሚያስተኛው ግን በብዛት ፎርማልዲሃይድ ወይም ሲሞቅ ፎርማልዲሃይድ የሚያወጣ ነገር ነው፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ ግላዮክሲሊክ አሲድ የሚባል። ተቀብቶ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጋለ ፒያስትራ ይተኮሳል። ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ከዚያ ነው የሚመጣው። ፎርማልዲሃይድ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመዘገበ ነው። «ፎርማልዲሃይድ ፍሪ» የሚለው ጽሑፍም ሁሌ አይታመንም፤ የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያስጠነቀቀው እንዲህ ተጽፎባቸው ፎርማልዲሃይድ ስለተገኘባቸው ዕቃዎች ነበር። ኬራቲን እንደ ሪላክሰር ቋሚ አይደለም፤ በጥቂት ወራት ይለቃል። የምትሠሩ ከሆነ ቢያንስ መስኮት የሚከፈትበት ቤት ይሁን። እርጉዝ ከሆናችሁ ግን አትሠሩ፤ እለምናችኋለሁ። እኔ ደግሞ ከኛ በላይ የሚያሳዝኑኝ ቀኑን ሙሉ ያንን ጭስ የሚተነፍሱት ሠራተኞቹ ናቸው።

«ስትሬት» የሚለውም ብዙ ፊት አለው። አዲስ አበባ «ስትሬት አድርጊልኝ» ብትሉ አንዷ በፎን ጎትታ በፒያስትራ ትተኩሳችኋለች፣ ሌላዋ ኬሚካል ታነሳለች። እዚህ አገር በሙቀት ብቻ የሚለሰልሰውን «ሲልክ ፕሬስ» ይሉታል። ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በፎን ተጎትቶ፣ በፒያስትራ ይተኮሳል፤ ውሃ ሲነካው ይመለሳል። ኬሚካል የለበትም። የዱሮው የካውያ ተኩስ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ዋናው ጥንቃቄ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፒያስትራ እንዳይነካው ነው። ውስጡ የቀረው ውሃ ፈልቶ ፀጉሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ፒያስትራው ሲያርፍ «ጭስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አስቁሟት።

እነዚህን ፎን፣ ፒያስትራ፣ ቢጎዲን የምንላቸውን እዚህ ስትጠሩ የሚገባው የለም፤ ከጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ፎሮፎርም እንደዚያው ነው። እኔ «ፎን ብቻ» ስል ሴትዮዋ ስልክ መስሏት ስልኳን ልትሰጠኝ ነበር። ፎን መጎተት «ብሎ አውት» ነው። ፒያስትራ «ፍላት አይረን» ነው። በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ መግባት «ሮለር ሴት» ይባላል፤ ለኔ አሁንም ከሁሉ የምወደው እሱ ነው፤ በቀጥታ ከሚተኮሰው ይልቅ ሙቀቱ ለስለስ ይላል።

መቆረጥ ላይ ሴት ሁሉ ቂም አላት። «ጫፉን ብቻ» ብለን ገብተን ግማሹን ትተን እንወጣለን። እዚህ «ደስቲንግ» ካላችሁ የምትወርደው ብናኝ ያህል ናት። «ትሪም» ካላችሁ የተሰነጠቀውን ጫፍ ነው። «ከት» ካላችሁ ቅርጽ መቀየር ነው፣ ያኔ አትቆጡ። ልኩን ሲናገሩ ኢንች ይላሉ፤ አንድ ኢንች 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ቃሉን ትታችሁ በጣታችሁ ብታሳዩ ይሻላል። «ከዚህ እስከዚህ» ብላችሁ ፀጉራችሁን ራሳችሁ ያዙላት። ፀጉራችሁ ከርዳዳ ከሆነ ደግሞ እርጥብ እያለ ሲቆረጥ ረጅም መስሎ፣ ሲደርቅ ወደ ላይ ይሰበሰባል። እኔ ደርቆ እንዲቆረጥ ነው የምጠይቀው።

ዊግ። አገር ቤት «በዊግ ተሠራሁ» ስንል ሹሩባው ውስጥ የሚገባውን አርቴፊሻል ፀጉር ማለታችን ነው። እዚህ ዊግ ማለት እንደ ቆብ የሚጠለቀው ነው። ለሹሩባ የሚሆነውን «ብሬዲንግ ሄር» ነው የሚሉት። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ሹሩባ ልትሠራ ቀጠሮ ይዛ «ዊግ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ስትሄድ ሌላ ነገር ነበር ተዘጋጅቶ የጠበቃት፤ ቀኗን አቃጠለች። ሹሩባ ስትሠሩ ግንባራችሁ ከተወጠረ፣ ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ከወጣ፣ ሌሊት ትራስ ላይ መተኛት ካቃታችሁ በጣም ጠብቆባችኋል ማለት ነው። ውበት ብላችሁ አትቻሉት። እየተጎተተ የሳሳ የግንባር ፀጉር፣ አጥብቆ መሠራቱ በጊዜ ካልተተወ፣ ጨርሶ ላይበቅል ይችላል። «ላላ አድርጊልኝ» በሉ፤ እዚህ «ኖትለስ» የሚባለው አሠራር ሥሩ ላይ ስለማይቋጠር ይቀላል።

ቀለም ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ያዙ። ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው ኦክስጅን 10፣ 20፣ 30፣ 40 እየተባለ ይመጣል። 10 ማለት ከመቶ 3 ፐርኦክሳይድ ነው፣ 20 ከመቶ 6፣ 30 ከመቶ 9፣ 40 ከመቶ 12። ሽበት ለመሸፈን ብዙውን ጊዜ 20 ይበቃል። ሪላክሰር የነካው ፀጉር ላይ 40 ሲያነሱ ካያችሁ ወንበሩን ለቃችሁ ውጡ። ሪላክሰርና ቀለምም በአንድ ቀን አይሠሩም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለያዩ። ከመቀባታችሁ 48 ሰዓት በፊት ክንዳችሁ ላይ ጥቂት አስቀብታችሁ ሞክሩ። ጥቁር ሂና የሚባለው ላይም ይህ ይሠራል፤ ንጹሕ ሂና ቀይ ቡናማ ነው የሚሰጠው፣ ጥቁሩን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ የተጨመረበት ኬሚካል ነው።

አሁን ስልኬ ላይ አጭር መዝገብ አለኝ። ቀን፣ ምን እንደተሠራሁ፣ የዕቃው ስም፣ የካርቶኑ ፎቶ ከፊትም ከኋላም። አዲስ ፀጉር ቤት ስገባ ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት አሳያለሁ። ቋንቋ ቢቸግራችሁ እንኳ ፎቶው ይናገርላችኋል።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄጄ እናቴን ይዤ የዱሮዋ ፀጉር ቤት ገባሁ። ቤቷ አለች፣ ሠራተኞቹ ተቀይረዋል። ልጅቷ ለእናቴ «ማዘር፣ ትሪትመንት እናድርግልዎት?» አለቻት። «የኔ ቆንጆ፣ ካርቶኑን ታሳይኛለሽ?» አልኳት። ቅር ሳይላት አመጣችው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚለውን በጣቴ አሳየኋት። ምን እንደሚያደርግ ነገርኳት። የኔንም ታሪክ ነገርኳት። ልጅቷ ካርቶኑን ተቀብላ ጀርባውን ለረጅም ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሌላ ደንበኛ የምትቀባውን ጓደኛዋን ጠራቻትና «እስኪ ይቺን ነይ እይ» አለቻት። እናቴ ያን ቀን ታጥባ፣ በቢጎዲን ተጠቅልላ፣ ካስክ ገብታ ወጣች።